የአንድ ቀን ሙከራ ማንን ይመርጣል?

ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆ ወይም ደምቢ ዶሎ ሆናችሁ ኳስ የምትጫወቱ ከሆነ "ሙከራ" የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ልጆች ይሰበሰባሉ፣ በቡድን ተከፍለው ጥቂት ደቂቃ ይጫወታሉ፣ ከዚያ ስም ይጠራል። ስሙ ያልተጠራ ልጅ "ችሎታ የለኝም" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ግን ሙከራው የለካው እውነት ችሎታን ነው? እኛ እንጠራጠራለን።

መጀመሪያ የአጋጣሚን ነገር እንይ። አንዷ ልጅ ከ10 ፍጹም ቅጣት ምት 7 ታገባለች፣ ሌላዋ 5 እንበል። ለእያንዳንዳቸው 3 ምት ብቻ ስጧቸው። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ እኩል የምታገባበት ወይም የምትበልጥበት ዕድል ስንት ይመስላችኋል? ስናሰላው 46 በመቶ ገደማ ነው! የተሻለችዋን ለማወቅ 3 ምት አይበቃም። የ20 ደቂቃ ጨዋታም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። በፊፋ የታዳጊዎች ውድድር የዕድሜ ቆጠራው የሚጀምረው በፈረንጆች ጥር 1፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው። ስለዚህ በጥር መጀመሪያ የተወለደና በቀጣዩ ታኅሣሥ አጋማሽ የተወለደ ልጅ "እኩዮች" ይባላሉ፤ ልዩነታቸው ግን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ በ1985 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ ይህንኑ አሳይተዋል፤ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለዱት በቁጥር እጅግ ይበልጡ ነበር። በዚያ ላይ ጉርምስና ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይመጣም። በ14 ዓመቱ ጢም ያበቀለው ልጅ ዛሬ ይፈጥናል፣ ይገፋል፤ ነገ ግን ሌሎቹም ያድጋሉ። እኛ አገር ደግሞ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ የብዙ ታዳጊዎች ትክክለኛ የልደት ቀን በወረቀት የለም።

"ገንዘብና መሣሪያ ቢኖርስ?" ትሉ ይሆናል። አሜሪካኖች ለራሳቸው እግር ኳስ ከኮሌጅ ተጫዋች ሲመርጡ የዓመታት ቪዲዮ ያያሉ፣ ሩጫና ዝላይ ይለካሉ። እንዲያም ሆኖ ጨዋታውን የሚመራውን ኳርተርባክ መምረጥ ያስቸግራቸዋል። ቶም ብሬዲ በ2000 (እ.ኤ.አ.) የተመረጠው 199ኛ ሆኖ ነው፤ በኋላ 7 ጊዜ ዋንጫ በላ። በ2007 1ኛ የተመረጠው ጃማርከስ ራስል ግን ከ3 የውድድር ዘመን በኋላ ተሰናበተ። ዓመታት ዓይተው ከተሳሳቱ፣ በአንድ ከሰዓት የሚወሰን ውሳኔ ምን ያህል ሊታመን ነው?

መልማዮችን መውቀስ ቀላል ነው። መንገዱ ሩቅ፣ ገንዘቡ ትንሽ፣ ልጁ ብዙ ነው፤ የአሰልጣኝ ዓይንም ዋጋ አለው። ትልቁ ችግር ስህተቱ አለመታወቁ ነው። የተመረጠው ልጅ ሥልጠና፣ ጫማና ጨዋታ ስለሚያገኝ ይሻሻላል፤ "ይኸው፣ ትክክል ነበርን" ይባላል። የተጣለውን ግን ማንም ተመልሶ አያየውም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አንድን ልጅ በተለያየ ወር 3 እና 4 ጊዜ ማየት፣ ሁለት አሰልጣኞች ሳይመካከሩ ነጥብ እንዲሰጡ ማድረግ፣ ቁመትን እየለኩ መመዝገብ፣ ያልተመረጡትንም ከዓመት በኋላ መልሶ መጥራት ይቻላል። ደብተር፣ ሜትርና ትዕግሥት ይበቃል። ነቀምቴ ላይ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንኳ ሊያግዙበት የሚችሉት ሥራ ነው።

እናንተስ? ስማችሁ ካልተጠራ ያ ውጤት የአንድ ቀን ልኬት ነው፤ መጫወታችሁን አታቁሙ። ከተጠራም አትኩራሩ፤ ምናልባት ቀድማችሁ አድጋችሁ ይሆናል።