«የባሰ አለ» የተባለው ሚዛን

«የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ» ይላል ተረቱ። መከራ የደረሰበት ሰው ለራሱ ሲናገረው የትዕግሥት ቃል ነው። ወደ ሂስ መድረክ ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ደራሲው አንድን የኑሮ ችግር አንሥቶ ሲጽፍ፣ ሐያሲው «ከዚህ የባሰ ስንት እያለ!» ብሎ መጽሐፉን ይከድነዋል። ያን ጊዜ ማጽናኛ የነበረው ቃል አፍ ማስያዣ ይሆናል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንመልከት። በዚህ ሚዛን የሚመዝን ሰው «ገበሬው በግብር እየተራቆተ የባላባት ልጅ ባል ማጣት ምን ቁም ነገር አለው?» ሊል ይችላል። አነጋገሩ ለገበሬው ያዘነ ይመስላል። ድርሰቱን አጥብቆ ለሚያነብ ግን ሁለቱ ችግሮች ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥን አማች ሲያማርጡ የሰብለ ወንጌል የጋብቻ ዕድሜ ያልፋል። በገበሬው ላይ ከተለመደው በላይ ግብር እንዲጥሉ የሚያደፋፍራቸውም ያው የዘር ኩራት ነው። ስለዚህ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ሲነሡባቸው አንባቢው አይደነግጥም፤ የአመጹን ምክንያት አስቀድሞ በፊታውራሪው ቤት ውስጥ አይቶታልና። የልጅቱን ኀዘን «ትንሽ ነገር ነው» ብሎ ያለፈ ሐያሲ፣ ቆሜለታለሁ የሚለውን የገበሬውን በደል የሚያስረዳ ምስክር በገዛ እጁ አሰናበተ ማለት ነው።

ማወዳደር ሁሉ ስሕተት ነው አንልም። አንድ እንጀራ ለሁለት ሰው ሲቀርብ የበለጠ የራበው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ፍርድ ነው። ሐኪምም ብዙ ቁስለኞች ሲመጡበት የጠናባቸውን ያስቀድማል፤ ተራ የሚጠብቀውን ግን «አልቆሰልህም» ብሎ አይሰደውም። ለፍቅር የተሰጠ ገጽ ደግሞ ከገበሬው ጎተራ የተወሰደ እህል አይደለም።

ከዚህም ሌላ ይህ ሚዛን ማቆሚያ የለውም። ግብር የበዛበት ከተራበው ይሻላል፤ የተራበውም ከሞተው ይሻላል ይባላል። በዚህ አቆጣጠር አቤት ለማለት የሚፈቀድለት ሬሳ ብቻ ይሆናል፤ ሬሳ ደግሞ አይናገርም።

እርግጥ ነው፣ ከዘመኑ ጭንቅ ለመሸሽ ብሎ በጥቃቅን ነገር የሚደበቅ ደራሲ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ይወቀስ፤ ወቀሳው ግን ከሥራው ውስጥ ይውጣ። ያነሣውን ችግር እስከ ሥሩ ተከትሎታልን? ገጸ ባሕርያቱ የሚያዝኑበትን ምክንያት ያውቃልን? እነዚህን ለመመለስ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። «የባሰ አለ» ለማለት ግን ሽፋኑን መግለጥ እንኳ አያሻም፤ ስንፍናው ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ጀማሪው ደራሲ ይህን ቃል ደጋግሞ ሲሰማ የሚያውቀውን ትቶ የማያውቀውን ትልቅ ነገር መጻፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ ትንሹም ችግር ሳይነገር ይቀራል፤ ትልቁም በባዶ ጩኸት ይሸፈናል።