ፍጥነትና ዋጋው፤ ስለ አንዲት አጭር ፕሮግራም የቀረበ ሒስ

ግጥም፣ ልብ ወለድና ቲያትር በየጊዜው ሲተቹ እናያለን። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን፤ ምንም እንኳ እርሱም ሰው የሚጽፈውና ሌላ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ቢሆን፤ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ከመባል አልፎ እንደ ድርሰት ሲመረመር እምብዛም አይታይም። በዚህ ጽሑፍ ይህን ለመሞከር አስቤአለሁ። የመረጥኋት ፕሮግራም ከአሥር መስመር ብዙም አትበልጥም፤ ዝናዋ ግን ከብዙ ትልልቅ ፕሮግራሞች ይልቃል። የምትገኘውም ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1999 መጨረሻ ባወጣው «ክዌክ 3 አሬና» በተባለው ጨዋታ ውስጥ ነው። ኩባንያው የጨዋታውን ሙሉ ጽሑፍ በ2005 ለሕዝብ ስለ ለቀቀው ማንም ሰው ሊያነበው ይችላል። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የፕሮግራሟ ተግባር ይህ ነው። አንድ ቍጥር ሲሰጣት፤ 1ን ለዚያ ቍጥር ዳግም ዘር ቢያካፍሉት የሚገኘውን ውጤት ትመልሳለች። ዳግም ዘር ማለት ከራሱ ጋር ሲባዛ የተሰጠውን ቍጥር የሚሆን ማለት ነው፤ የ4 ዳግም ዘር 2 ስለ ሆነ፤ ለ4 የሚገባው መልስ 0.5 ነው። ይህ ስሌት ለጨዋታ ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ብርሃን በግድግዳና በሰው ገላ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ለማስላት የቬክተሮችን ርዝመት ወደ 1 ማምጣት ያስፈልጋል። ለዚህም እያንዳንዱን ቬክተር ለርዝመቱ ማካፈል ግድ ነው፤ ርዝመቱም የሚገኘው በዳግም ዘር ነው። በሴኮንድ 60 ሥዕል ለማሳየት የሚፈልግ ጨዋታ ለአንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ 17 ሚሊሴኮንድ አይሞላም። በዚያ ዘመን በነበሩት ፕሮሰሰሮች ደግሞ ማካፈልና ዳግም ዘር ማውጣት ከማባዛት ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈጁ ነበር። ጭንቀቱ እንግዲህ እውነተኛ ጭንቀት ነበር።

አሁን ወደ ዘዴው እንግባ። በ1985 በጸደቀው «አይ ትሪፕል ኢ 754» በተባለው ደንብ መሠረት ኮምፒዩተር ነጥብ ያለውን ቍጥር በ32 ቢት ሊያስቀምጥ ይችላል። ከዚህም ውስጥ 1 ቢት ለምልክቱ፣ 8 ቢት ለአርቢው፣ 23 ቢት ለቀሪው ክፍልፋይ ነው። እነዚሁ ቢቶች ሳይነኩ እንደ ሙሉ ቍጥር ቢነበቡ ሌላ ፍች ይሰጣሉ። ነገሩ ከቅኔያችን ሰምና ወርቅ ጋር ይመሳሰላል፤ ቃሉ አንድ ነው፤ ንባቡ ግን ሁለት ነው። ለምሳሌ 4 የተጻፈባቸው ቢቶች እንደ ሙሉ ቍጥር ሲነበቡ 1082130432 ይሆናሉ። ይህ ትልቅ ቍጥር እንዲያው የመጣ አይደለም። አርቢው በላይኞቹ ቢቶች ላይ ስለ ተቀመጠ፤ ቋሚ የሆነ ማባዣና መደመሪያ ቢኖርበትም፤ ቍጥሩ ለ4 ሎጋሪዝም ቅርብ የሆነ ግምት ነው።

ሎጋሪዝም የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው ዳግም ዘር ማውጣት ሎጋሪዝሙን ለሁለት መክፈል ነው፤ ቍጥሩን መገልበጥም የሎጋሪዝሙን ምልክት መለወጥ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሟ ቢቶቹን አንድ ደረጃ ወደ ቀኝ በመግፋት ሙሉ ቍጥሩን ለሁለት ትከፍላለች፤ 541065216 ይሆናል። ይህንም 1597463007 ከተባለው ቋሚ ቍጥር ላይ ትቀንሳለች፤ 1056397791 ይቀራል። ይህ ቀሪ ተመልሶ በመጀመሪያው ንባብ ሲነበብ 0.4831 ነው፤ ከ0.5 ብዙም አልራቀም። ከዚያ በኋላ በኒውተን የማረሚያ ዘዴ አንድ ጊዜ ብቻ ሲታረም 0.4992 ይሆናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማካፈል የለም፤ ዳግም ዘር ማውጣትም የለም፤ መግፋት፣ መቀነስና ማባዛት ብቻ ነው።

የሥራውን ብልኀት ማንም ሊክደው አይችልም። እኔ ግን ከብልኀቱ ይልቅ የማደንቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ልኩን ማወቁ ነው። መልሱ ከእውነተኛው በ0.175 በመቶ ያህል ሊሳሳት ይችላል። ይህ ስሕተት የድልድይ ስሌት ለሚሠራ መሐንዲስ አሳሳቢ ሊሆን ይችላል፤ በግድግዳ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ለሚመለከት ተጫዋች ግን አይታየውም። በፕሮግራሟ ውስጥ ሁለተኛ እርማት ተጽፎ ነበር፤ ደራሲዎቹ ግን አንዱ እርማት ስለ በቃቸው ሁለተኛውን ከሥራ ውጭ አድርገው ትተውታል። ከዚህም በላይ በዚያው ጨዋታ ውስጥ ቬክተርን ወደ 1 የሚያመጡ ሁለት መንገዶች እናገኛለን፤ አንዱ በተለመደው ዳግም ዘር የሚሠራ ጥንቁቅ መንገድ ሲሆን፤ ሁለተኛው በዚህች ፕሮግራም የሚሠራና ስሙም «ፈጣን» የሚል ቃል ያለበት ነው። ደራሲዎቹ እንግዲህ ፍጥነትን በየቦታው አልረጩትም፤ በሚያስፈልገው ቦታ ብቻ አኖሩት እንጂ። ፕሮግራሟን ከሚያወድሱት መካከል ይህን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው።

ነገር ግን ፍጥነት በነጻ አይገኝም። አንባቢ ልብ እንዲለው የምፈልገው ፕሮግራሟ የከፈለችው ዋጋ አንድ ሳይሆን ሦስት መሆኑን ነው። አንደኛው ትክክለኛነት ነው፤ ይህን ከላይ አይተነዋል፤ የታወቀና የተለካ ስለ ሆነም የሚያስነቅፍ አይደለም። ሁለተኛው ከማሽን ወደ ማሽን መተላለፍ ነው። ሦስተኛውም መረዳት ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ዋጋዎች ተከፍለዋል፤ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ግን አልተጻፉም።

ስለ ሁለተኛው ዋጋ በራሴ የደረሰውን ልናገር። ይህችን ፕሮግራም ቃል በቃል ገልብጬ በአንድ የልምምድ ሥራዬ ውስጥ አግብቻት ነበር። ዊንዶውስ ባለው የጓደኛዬ ኮምፒዩተር ላይ መልካም ሠራች። ባለ 64 ቢት ሊኑክስ በሆነው በእኔ ማሽን ላይ ግን አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛ መልስ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምልክቱ የተገለበጠ መልስ ትሰጠኝ ጀመር። 0.4992 መሆን የሚገባው ከዜሮ በታች 0.4992 ሆኖ ይወጣል። ሁለት ቀን ሙሉ ስሕተቱን ከራሴ ስሌት ውስጥ ስፈልግ ቈየሁ። ምክንያቱ ኋላ ሲገኝ እንዲህ ነበር። ፕሮግራሟ ሙሉ ቍጥሩን የምታነበው በሲ ቋንቋ «ሎንግ» በተባለው ዐይነት ነው። ጨዋታው በተጻፈበት ጊዜ በተለመዱት የግል ኮምፒዩተሮች ላይ ይህ ዐይነት 32 ቢት ነበር፤ በዊንዶውስ ዛሬም 32 ነው፤ በባለ 64 ቢት ሊኑክስ ግን 64 ነው። ስለዚህ የእኔ ማሽን ከተፈለገው ቍጥር ጋር አጠገቡ ያለውን የማይመለከተውን 32 ቢት ጨምሮ ያነባል። ወደ ቀኝ በተገፋ ጊዜም ከጎረቤቱ አንድ ቢት ወርዶ በምልክቱ ቦታ ይቀመጣል፤ ያ ቢት 1 ሆኖ ከተገኘ የመልሱ ምልክት ይገለበጣል። በዚህም ላይ የሲ ቋንቋ ደንብ የአንድን ዐይነት ቍጥር በሌላ ዐይነት ጠቋሚ በዚህ መንገድ ማንበብን አይፈቅድም፤ ስለዚህ ኮምፓይለሩ ማናቸውንም ውጤት ቢሰጥ የሚወቀሰው እርሱ አይደለም። ቢቶቹን ወደ ሌላ ተለዋዋጭ ገልብጦ፤ ስፋቱም 32 መሆኑን ለይቶ ማንበብ ይቻል ነበር። ፕሮግራሟ የተሳሳተች ስትሆን አይደለም፤ የተጻፈችበትን ማሽን ትታ ወደማታውቀው ማሽን ስለ ተወሰደች ነው። የወሰድኋትም እኔ ነኝ። ነገር ግን ከየትኛው ማሽን ውጭ እንደማትሠራ የሚነግረኝ አንድ መስመር እንኳ በላይዋ አልነበረም።

ሦስተኛው ዋጋ ከዚህ ይከተላል። ያ 1597463007 ከየት መጣ? በፕሮግራሟ ውስጥ ይህ ቍጥር ባለበት መስመር አጠገብ የተጻፈው ማብራሪያ ሳይሆን፤ ጸያፍ ቃል የተቀላቀለበት የመገረም ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የጻፈው ሰው ራሱ ነገሩ አልገባውም ብሎ ለመጠርጠር ያበቃል። በቅኔ ቤት ሰሙን ከወርቁ ለይቶ መፍታት የትምህርቱ ክፍል ነው፤ እዚህ ግን ቅኔው ብቻ ቀርቶ ፍችው ጠፍቷል። በ2003 ክሪስ ሎሞንት የቍጥሩን አመጣጥ ከመሠረቱ ለመፈለግ ተነሥቶ ከአንድ እርማት በኋላ 1597463174 ትንሽ የተሻለ መሆኑን አገኘ፤ ትልቁ ስሕተት ከ0.17523 ወደ 0.17512 በመቶ ወረደ። ትርፉ ኢምንት ነው። የሚያሳዝነው ግን አንድ ጊዜ ሰው ያወቀውን ነገር ሌላ ሰው እንደ አዲስ ቈፍሮ ማውጣት ማስፈለጉ ነው።

የደራሲውም ስም እንደዚሁ ጠፍቶ ነበር። ብዙ ሰው ሥራውን የጨዋታው ዋና ፕሮግራመር የጆን ካርማክ ነው ይል ነበር። በ2006 ራይስ ሶመፌልት ባሳተመው ምርመራ ካርማክ ሲጠየቅ እርሱ አለመሆኑን ተናገረ። ከዚያ በኋላ ዘዴውን በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርደንት ኮምፒዩተር ይሠራ የነበረው ግሬግ ዋልሽ ከክሊቭ ሞለር ሐሳብ ተነሥቶ እንደ ጻፈው ታወቀ። ከእነርሱም በፊት በ1986 ዊልያም ካሃንና ኬ.ሲ. ንግ ዳግም ዘርን በተመሳሳይ መንገድ የሚያወጣ ሥራ ጽፈው ነበር። የዓለም ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ሥራ ባለቤቱን ለማግኘት ይህን ያህል ዓመት ፈጀበት።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው ነቀፋ ግን ጊዜ ያመጣው ነው። በዚያው በ1999 መጀመሪያ ኢንቴል ያወጣው ፔንቲየም 3 ፕሮሰሰር ይህንኑ ግምት በአንድ ትእዛዝ የሚሠራ ነበር፤ ስሕተቱም ከ0.037 በመቶ አይበልጥም። ጨዋታው ይህ ትእዛዝ በሌላቸው ማሽኖች ላይም መሄድ ስለ ነበረበት የደራሲዎቹን ምርጫ መንቀፍ አይገባም። ዛሬ ግን ትእዛዙ በብዙዎቹ የግል ኮምፒዩተሮቻችን ውስጥ አለ። ያችን ፕሮግራም ዛሬ በእነርሱ ላይ የሚጠቀም ሰው ፍጥነት አገኘሁ ብሎ ሁለቱንም ያጣል፤ መልሱም የባሰ ነው፤ ጊዜውም የረዘመ ነው። የጥንቱ ብልኀት የዛሬ ጥፋት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በዚህ ላይ የሚቃወመኝ አንባቢ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ጨዋታ የሚጽፍ ሰው ማብራሪያ ለመጻፍ ጊዜ የለውም፤ ጨዋታው ወጣ፤ ተጫዋቹም ተደሰተ፤ ከዚህ ሌላ ምን ይፈለጋል?» ከዚህ ውስጥ እውነት አለበት፤ ሥራውን በወቅቱ ያላደረሰ ሰው ስለ ጥራት ቢያወራ ማን ይሰማዋል? ነገር ግን የጐደለው አንድ መጽሐፍ አይደለም፤ አራት መስመር ነው። ዶናልድ ክኑዝ በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ ከመቶ 97 ጊዜ ጥቃቅን የፍጥነት ትርፎችን መተው እንደሚገባ መክሯል። ብዙዎች ይህን ይጠቅሱና የሚቀጥለውን ይተዋሉ፤ እርሱ ግን የቀረችውን ወሳኝ 3 እጅ እንዳንዘነጋት፤ የትኛዋ እንደ ሆነችም በመለካት እንጂ በግምት እንዳንወስን አክሎ አሳስቧል። የዚያች ፕሮግራም ደራሲዎች ከ3ቱ እጅ ውስጥ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። እንግዲህ መለኪያቸውን ቢጽፉልን ኖሮ ሥራቸው ሙሉ በሆነ ነበር።

እነዚያ አራት መስመሮች ምን መሆን ነበረባቸው? አንደኛ፤ ትልቁ ስሕተት ስንት ነው። ሁለተኛ፤ ቢቶቹ በምን ደንብ መቀመጥና ስንት መሆን አለባቸው። ሦስተኛ፤ የማይሰጣት ቍጥር የትኛው ነው። ለምሳሌ ከዜሮ በታች የሆነ ቍጥር ቢሰጣት መልሷ ትርጉም የለውም፤ ዜሮ ቢሰጣት ደግሞ በጣም ትልቅ ቢሆንም ፍጻሜ ያለው ቍጥር ትመልሳለች፤ ይህም ዜሮ ርዝመት ያለው ቬክተር በእርሱ ሲባዛ ዜሮ ሆኖ እንዲቀር ስለሚያደርግ ለጨዋታው ጥቅም ነበረው። አራተኛ፤ ከተለመደው መንገድ በየትኛው ማሽን ላይ ምን ያህል እንደ ፈጠነች፤ መቼስ መጣል እንዳለባት።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ከእኛ ርቆ ያለ የባዕድ ሥራ ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። እኛ ተማሪዎች ከመምህራኖቻችን ፊት ለመታየት ስንል ማንም የማይረዳው ፕሮግራም መጻፍ እንደ ዕውቀት የሚቈጠርበት ልማድ በመካከላችን አለ። ያን ሁለት ቀን ያጠፋሁት እኔም ከነዚሁ አንዱ ስለ ነበርሁ ነው። ከዚህች ፕሮግራም የምንወርሰው ቍጥሩን ሳይሆን ቦታን መርጦ በልክ ማፋጠንን ይሁን፤ እርሷ የተወችውን የዋጋ መዝገብ ደግሞ እኛ በየሥራችን ላይ እንጻፍ። መምህራኖቻችንም ፕሮግራማችንን ሲያርሙ «ፈጥኗል ወይ?» ከማለታቸው በፊት «ስንት አስከፈለህ?» ብለው ቢጠይቁን መልካም ይመስለኛል።