ስለ ረቂቃን መጠን

በሐዋሳ የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ስኖር፣ የአዮኖችን መጠን የማስተማር ጥበብ ከሁሉ አስቀድሞ ማስመሪያን ከተማሪው እጅ መውሰድ እንደ ሆነ እየተረዳሁ ሄጃለሁ፤ ከካልሲየም እስከ ዚንክ ያሉትን፣ ሁለት ሁለት ኤሌክትሮን የጎደላቸውን አዮኖች ራዲየስ በካሬ ወረቀት ላይ በነጥብ ያኖረ ተማሪ ሁሉ፣ የኒውክለሱ ሙል ባደገ ቁጥር አካሉ ይጠብባል የሚለውን ሕግ ሰምቷልና ነጥቦቹን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ለማያያዝ ይቸኩላል።

ነጥቦቹ ግን አይታዘዙለትም። ከካልሲየም 100 ፒኮሜትር ተነሥቶ በቫናዲየም 79 የደረሰው ቁልቁለት በማንጋኒዝ ወደ 83 ያቀናል፤ እንደ ገና ወርዶ በኒኬል 69 ላይ ካረፈ በኋላም በዚንክ 74 ይሆናል። የቫናዲየም ሦስት ኤሌክትሮኖች ዙሪያውን ከከበቡት ጎረቤቶች መካከል ባለው ክፍት ስፍራ ሲያድሩ፣ በማንጋኒዝ የሚጨመሩት ሁለቱ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማሉና ይገፏቸዋል። እንግዲህ መጠን የምንለው የአዮኑ የብቻ ባሕርይ ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር የተካፈለው ርቀት ነው፤ ይህን ሳይናገር ቁጥሩን ብቻ የሚያስጠና መምህር፣ ንባቡን አስተምሮ ትርጓሜውን ያስቀረ መምህር ነው ብዬ እፈርዳለሁ።

ለማስመሪያው የሚታዘዙት ላንታናይዶች ናቸው። ኤሌክትሮኖቻቸው በውስጠኛው ክፍል ተሰውረው ጎረቤትን ስለማይነኩ፣ የኒውክለሱንም ስበት በሚገባ ስለማይጋርዱ፣ ከላንታነም 103 እስከ ሉቴሺየም 86 ፒኮሜትር ያለ ጉብታ ይወርዳሉ፤ ጎልድሽሚት እ.ኤ.አ. በ1925 የላንታናይዶች መኮማተር ያለው ይህንኑ ነው።

ፍሬውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከሐዋሳ በስተደቡብ፣ በጉጂ ምድር፣ በቀንጢቻ በሚገኘው ታንታላይት ውስጥ ታንታለምና ኒዮቢየም አብረው ይኖራሉ። ታንታለም በሠንጠረዡ አንድ ረድፍ ዝቅ ያለ፣ ክብደቱም የኒዮቢየምን እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነውና በአካል ሊበልጥ በተገባው ነበር፤ በመካከል የገቡት ላንታናይዶች ግን ስለ ሰበሰቡት፣ አምስት አምስት ኤሌክትሮን ሲጎድላቸው ሁለቱም 64 ፒኮሜትር ሆነው ይገኛሉ፤ በአንዱ ክሪስታል ውስጥም አንዱ የሌላውን ስፍራ ያለ ሁከት ይይዛል። ከባዱን ማዕድን ከኳርትዝና ከፌልድስፓር በውሃ አጥቦ በክብደቱ መለየት ይቻላል፤ ሁለቱን ግን በዚህ መንገድ የሚያፋታቸው የለም።

እንግሊዛዊው ዎላስተን እ.ኤ.አ. በ1809 ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ነበር፤ በበኩሌ አልፈርድበትም። የስዊሱ ማሪኛክ በ1866 የለያቸው በመጠን ሳይሆን ከፍሎሪን ጋር ባላቸው ጠባይ ነው፤ ታንታለሙ ሰባት ፍሎሪን ሰብስቦ በውሃ በጭንቅ የሚሟሟ የፖታሲየም ጨው ሲሆን፣ ኒዮቢየሙ አምስት ፍሎሪንና አንድ ኦክሲጅን ይዞ በውሃው ውስጥ ይቀራል።