ታሪክ ያለ ማስረጃ፤ በሁለተኛ ደረጃ ስለሚሰጠው የጥንታዊ ዓለም ታሪክ ትምህርት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ስለሚሰጠው የጥንታዊ ዓለም ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ወቀሳ አንድ ነው፤ ይኸውም ስለ ግብፅ፥ ስለ ባቢሎን፥ ስለ ግሪክና ስለ ሮማ ብዙ ይነገራል፥ ስለ አገራችን የሚነገረው ግን ጥቂት ነው የሚል ነው። ወቀሳው እውነት አለበት። እኛ ግን ከዚህ የባሰ ጉድለት አለ እንላለን። ስለ ሩቁም ኾነ ስለ ቅርቡ ለተማሪው የሚነገረው ፍርዱ ብቻ ነው፤ ፍርዱ የተሰጠበትን ማስረጃ አያይም። አባቶቻችን «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ብለዋል፤ የታሪክ ክፍላችን ግን ዓይን ሳያይ ልብ እንዲፈርድ ያስገድዳል።

መዠመሪያ ሐሙራቢን ለምሳሌ እናንሣ። (የምናወሳው ዘመን ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1792 እስከ 1750 ገደማ በባቢሎን የነገሠው ይህ ንጉሥ ሕግ ማውጣቱን ተማሪው ያጠናል፤ በፈተናም ቀን ከአራቱ መልስ የሐሙራቢን መርጦ ያጠቍራል። ነገሩም በዚሁ ያበቃል። ነገር ግን ሕጉ የተቀረጸበት ጥቍር ድንጋይ የተገኘው በባቢሎን አይደለም፤ የፈረንሳይ ቆፋሪዎች በ1901 መጨረሻና በ1902 መዠመሪያ ያገኙት በዛሬይቱ ኢራን ውስጥ በሱሳ ነው። ወደ ሱሳ እንዴት ሄደ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው መቶ ዓመት የኤላም ንጉሥ ባቢሎንን ወግቶ ከምርኮ ጋራ ወሰደው። ዛሬ ደግሞ ድንጋዩ በፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ይገኛል። በ1937 ወደ ሮማ ተወስዶ በ2005 የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት የሚያውቅ ተማሪ ይህን ቢሰማ፥ ድል አድራጊ የሌላውን ሕዝብ ድንጋይ ለምን ይሸከማል ብሎ ራሱ ይጠይቅ ነበር። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ የራቀው ነገር በአንድ ጥያቄ ይቀርብለት ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከቤታችን ነው። የጥንቱ ዓለም ሥልጣኔ በአንድ ምዕራፍ፥ አክሱም በሌላ ምዕራፍ ስለሚቀመጥ፥ ሁለቱ ተያይተው የማያውቁ ይመስላል። በ4ኛው መቶ ዓመት የተቀረጸው የንጉሥ ኤዛና ድንጋይ ግን ያገናኛቸዋል። በቤጃዎች ላይ የተደረገውን ዘመቻ የሚተርከው ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዱ በግሪክኛ፥ ሁለቱ በግዕዝ ቋንቋ ነው፤ ከሁለቱም አንደኛው በግዕዝ ፊደል፥ ሌላው በሳባ ፊደል ነው። ንጉሡ በግዕዙ የመሕረም ልጅ ነኝ ሲል፥ በግሪክኛው የአሬስ ልጅ ነኝ ይላል፤ አሬስ የግሪኮች የጦር አምላክ ነው። ስሙ ለምን ተለወጠ? ግሪክኛውን ያነብ የነበረውስ ማን ነው? ደግሞም ንጉሡ ከባሕር ማዶ ያሉትን ሳባንና ሕምያርን ከግዛቱ ይቈጥራል። በእርግጥ ይገዛቸው ነበርን፥ ወይስ የይገባኛል ቃል ነው? በኋላ ባስቀረጸው የግዕዝ ጽሑፍ መሕረም ቀርቶ የሰማይ ጌታ ይመሰገናል፤ በገንዘቡም ላይ በጨረቃው ምልክት ፈንታ መስቀል ገብቷል። ተማሪው «ኤዛና ክርስትናን ተቀበለ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ከሚይዝ፥ ከእነዚህ ምልክቶች ተነሥቶ ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

በቃል ማጥናት የአገራችን ልማድ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪው ዳዊት በመድገም ብቻ አይቀርም፤ ዘልቆ ሲሄድ ቅኔ ይቈጥራል፥ ከዚያም ትርጓሜ ቤት ይገባል። በዚያ መምህሩ ለአንድ ቃል አንድ ፍች ሰጥቶ አያልፍም፤ «አንድም» እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያመጣል። የዛሬው የታሪክ ክፍል ከዚህ ኹሉ የወረሰው የመዠመሪያውን ደረጃ ነው፤ «አንድም» የሚለውን ጥሎታል።

መምህራን በበኩላቸው የተማሪው ብዛት፥ የጊዜው ማጠርና የፈተናው ዐይነት አላፈናፍን አለን ይላሉ። ቅሬታቸው ተገቢ ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱም ሸክሙን ያከብደዋል። ነገር ግን የምንጠይቀው ሸክም እንዲጨመር አይደለም። በየምዕራፉ ከሚደረደሩት ስሞች ጥቂቱ ይቀነስና በምትኩ አንድ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ማስረጃ ይሰጥ። የድንጋዩ ሥዕልና የጽሑፉ ትርጕም በአንድ ወረቀት ላይ ይበቃሉ። ፈተና አዘጋጆችም «እንዴት ታወቀ?» የሚል አንድ ጥያቄ እንኳ ያግቡ፤ በፈተና የማይጠየቀው በክፍልም ይዘለላልና።

የነገሩ መዘዝ ከክፍል ውጭ ይሰማል። ባገራችን ስለ ትላንቱ የሚደረገው ሙግት ከመጽሐፍ አልፎ የሰው ሕይወት እስከ መንካት ደርሷል። ወገን ለይቶ የሚቈጣ በሌለበት በሐሙራቢ ድንጋይ ማስረጃ መመዘንን ያልተለማመደ ወጣት፥ ከሚያቃጥለው ከቅርቡ ዘመን ታሪክ ሲደርስ ወይ የሰማውን ኹሉ ያምናል፥ ወይ ኹሉንም ይክዳል። የጥንቱ ዘመን ታሪክ በርጋታ መፍረድን ማስተማሪያ ነው፤ የስም ዝርዝር ኾኖ ከቀረ ግን ይህን ጥቅሙን እናጣለን። ስለዚህ የሥርዐተ ትምህርቱ አዘጋጆችም መምህራንም ለተማሪው መልሱን ከመስጠታቸው በፊት ድንጋዩን እንዲያሳዩት እናሳስባለን።