አንድ «ክህደት» ለአራት ቃል

በእኛ ዘንድ ዛሬ ከልቦለድም ከግጥምም ይልቅ እጅ በእጅ የሚዞረው ጽሑፍ የትኛው ነው ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ ብርቅ ብርቅ የእንግሊዝኛ ስሞች የተደረደሩበት ወረቀት። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አንዲት የአማርኛ ፍቺ። ከአያት በባቡር ተሳፍሮ ጦር ኃይሎች እስኪወርድ ሃያ ሠላሳ ቃል የሚሸመድድ ስንት ጓደኛ አለን! ትጋቱን እናደንቃለን። ግን ይሄን ያህል የሚነበብ ጽሑፍ ሂስም ይገባዋልና እስቲ እንደ ማንኛውም ድርሰት እንመርምረው።

«ትሪዝን»፣ ክህደት። «ፐርፊዲ»፣ ክህደት። «አፖስታሲ»፣ ክህደት። «ዲናያል»፣ ክህደት። አራት ቃል ያዝን ብለን እንኩራራለን እንጂ የያዝነው ድሮ የምናውቀውን አንዱን አማርኛ ነው። የመጀመሪያው አገርን መክዳት፣ ሁለተኛው ያመነንን ሰው ማታለል፣ ሦስተኛው ሃይማኖትን መተው፣ አራተኛው «አላደረግሁም» ብሎ ሽምጥጥ ማድረግ ነው። በዝርዝሩ ከሄድን ብድሩን የካደ ጎረቤት አገሩን የሸጠ ሆኖ ቁጭ ይላል! በሳቅ የሚታለፍ አይምሰለን። ነገ ከመካከላችን ጠበቃ፣ ጋዜጠኛ፣ አስተርጓሚ ይወጣል፤ የእነዚህ ሰዎች አንድ ቃል የሌላው ሰው ዕጣ ነው።

ነገሩን ገልብጠን እንየው። ከገጠር የመጣው ጓደኛችን እንግሊዝኛ አጠረው ተብሎ ክፍል ውስጥ አፉን ይይዛል። ስለ እርሻ ሲነሳ ግን ሞፈር፣ ቀንበር፣ ዕርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ምራን እያለ ያወርደዋል። ይህን ማን አሸመደደው? ዕቃውን በእጁ ይዞ፣ ሲሰበር አይቶ፣ ሲጠገን አግዞ ነው ያወቀው። ለቀንበር «ዮክ» ይገኛል። ለድግርስ? ከማረሻው ግራና ቀኝ ሆነው አፈሩን ወደ ጎን የሚገፉ እንጨቶች ናቸው ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል። ቃል ለቃል ልለውጥ ያለ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ነገሩን የሚያውቅ ግን ያልፋል።

ይህን የተረዱ ቀደም ብለው ነበሩ። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው በ1973 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን ራቁቱን አያቆመውም፤ በሐረግና በዓረፍተ ነገር አስገብቶ ነው የሚፈታው። ዳኛቸው ወርቁም «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. በአማርኛ፣ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»ን በ1973 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ አሳትሟል። የ«አደፍርስ» አማርኛ አፋችንን የፈታንበትን ሰዎች እንኳ ያደናቅፈናል። ሆኖም ብርቁ ቃል እዚያ ለጌጥ አልተሰካም፤ የሚናገረው ሰው አለ፣ የሚነገርበት አገር አለ። ብርቅ ቃልን ከከንቱ ቃል የሚለየውም ይሄው ነው።

«ፈተናውስ?» የሚል አይጠፋም። ለውጭ ትምህርት የምንቀመጥለት ጂ.አር.ኢ. እንኳ ተቃራኒ ፈልግ፣ ዝምድና አዛምድ ይል የነበረውን ጥያቄ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ትቶታል። አሁን የሚጠይቀው ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቦታውን ይዞ እንደሆነ ነው። እኛ ግን ፈታኙ የተወውን ሽምደዳ አሁንም ሙጥኝ ብለናል።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ቃሉ ዱላ መሆኑ ነው። በክርክር መካከል አንድ ብርቅ ስም ወርውሮ ሌላውን ማሸማቀቅ ዕውቀት ሆኖ ተቆጥሯል። ኧረ ይብቃን! አድማጩ ያልገባው ቃል ሐሳብን መደበቂያ እንጂ መግለጫ አይደለም።

ዝርዝሩ ይቀደድ አላልንም። ሦስተኛ ዓምድ ይጨመርበት፤ ቃሉን ከመጽሐፍ ያገኘንበት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። አራተኛም ይጨመር፤ እኛው ስለ ሰፈራችን፣ ስለምናውቀው ሰው፣ በቃሉ የሠራነው ዓረፍተ ነገር። በቀን ሃምሳው ቀርቶ አምስት ይበቃል። ዓረፍተ ነገር ልንሠራለት ያልቻልነውን ቃል ግን ገና አላወቅነውምና፣ አውቀነዋል ብለን ጓደኛችንን አናስፈራራበት።