ስሙ ያልታወቀ ቀለበት

ድራማ ከመድረክ ወርዶ፣ ያለ መጋረጃና ያለ ተመልካች፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በተቀመጡ ጥቂት ሰዎች አንደበት ብቻ ሊኖር እንደሚችል ካሳዩት ፈጠራዎች አንዱ፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱትና እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘው ጨዋታ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ፤ አጠራጣሪ የሆነውን ሁሉ ዳይስ ይወስነዋል። ስለ ውጊያውና ስለ ጭራቆቹ ብዙ ተብሏል። ለተውኔት ሰው ግን ከዚህ የበለጠ የሚስበው ከውጊያው በኋላ የሚመጣው ጸጥታ ነው፤ ይኸውም ከሣጥን የወጣ ቀለበት በመዳፍ ላይ ተቀምጦ «ይህ ምንድን ነው?» የሚባልበት ጊዜ ነው።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የጨዋታ መሪዎች መመሪያ ውስጥ ከተዘረዘሩት አስማታዊ ዕቃዎች መካከል ማንነታቸውን ደብቀው የሚጠብቁ ጥቂት አይደሉም። አንድ ካባ አለ፤ ቢይዙት አይጎዳም፤ የደረበው ሰው ግን በቆመበት ይሞታል። ተራ የሚመስል ከረጢት አለ፤ እርሱም በሌላ ዓለም የሚኖር ፍጡር አፍ ነው። በቅኔ ያደገ አንባቢ ሁኔታውን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ ሰሙ ካባ፣ ወርቁ ሞት ነው። (ልዩነቱ፣ ቅኔው ያልተፈታለት ሰው ያፍር እንደ ሆነ እንጂ አለመሞቱ ነው።)

እንግዲህ ይህን ወርቅ ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ አንድ ድግምት ያቀርባል። አስማተኛው ቢያንስ 100 ወርቅ የሚያወጣ ሉልና የጉጉት ላባ በወይን ጠጅ ዘፍዝፎ ወይኑን ይጠጣል፤ ሕይወት ያለው ትንሽ ዓሣም ሳያኝክ ይውጣል። ከዚያ ዕቃውን እንደ ወጉ መያዝ ወይም መልበስ አለበት። ካባው ገዳይ ከሆነ እንግዲህ መርማሪው ራሱ ሟች ነው። ሲጨርስም ከሰውነቱ ጥንካሬ 8 ነጥብ ለጊዜው ይቀነስበታል። ይህን ሁሉ ከፍሎ የጀማሪ አስማተኛ የመሳካት ዕድሉ ከመቶ 20 ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየደረጃው 5 ይጨመርለታል። ዕቃው ከተገኘ በኋላ ብዙ ሰዓት ካለፈም የያዙት ሰዎች ጠባይ ከዕቃው ጠባይ ጋር ተቀላቅሎ ምርመራውን ያበላሸዋል።

ይህ ሕግ በሒሳብ ሲታይ ጨካኝ፣ በድራማ ሲታይ ግን የበሰለ ነው። ዕውቀት ገላን እንደሚያስከፍል፣ የሚመረምር ሰው ከሚመረምረው ነገር ተለይቶ ሊቆም እንደማይችል በድርጊት ያሳያል እንጂ በስብከት አይናገርም። የዓሣዋ ነገር እንኳ፣ ቢያስቅም፣ ከንቱ አይደለችም፤ ተዋናዩ ፊቱን የሚያጨማድድበት ነገር አግኝቷል።

ሆኖም ዋጋው በመክበዱ ተጫዋቾች ሌላ መንገድ ፈለጉ። በብዙ ጠረጴዛዎች ዘንድ፣ ቀለበቱን አስቀድሞ የሚያጠልቀው፣ ብልቃጡን አስቀድሞ የሚቀምሰው በጥቂት ሳንቲም የተቀጠረው አሽከር ሆነ። ስም እንኳ ያልተሰጠው ችቦ ያዥ ይሞታል፤ ጀግናው የዕቃውን ጠባይ ያውቃል፤ ጉዞው ይቀጥላል። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ድግምቱ አደጋውን በመርማሪው ላይ ጥሎ ያቆመውን ሚዛን የጠረጴዛው ልማድ በሌላው ጫንቃ ላይ አዞረው። አሽከሩን የሚያናግረው የጨዋታው መሪ በመሆኑም፣ መሪው «እኔ አላጠልቅም፤ አንተ አጥልቅ» የምትለውን አንዲት ዐረፍተ ነገር በአሽከሩ አንደበት ሳይናገር ባለፈ ቁጥር ትልቅ ትዕይንት አምልጦታል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ የተሠራው «ሮግ» የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ይህን ማምለጫ ዘጋው። ተጫዋቹ ብቻውን ነው፤ አሽከር የለውም፤ የመድኃኒቶቹ ቀለም በየጨዋታው ይለዋወጣል። የማያውቁትን ዕቃ የሚያሳውቀው ጥቅልል ራሱ እስኪነበብ ድረስ ከማይታወቁት አንዱ መሆኑ ደግሞ የሚደነቅ ብልሃት ነው።

የጠረጴዛው ጨዋታ ግን በተቃራኒው ሄደ። በ2000 እትም የ8ቱ ነጥብ ቅጣት ቀረ። ከ2008 ጀምሮ አብዛኛውን ዕቃ በአጭር ዕረፍት ማወቅ ተቻለ። በ2014ቱ እትምም ሉሉና ላባው በድግምቱ ውስጥ ቢቆዩም፣ ዕቃውን ይዞ አንድ ሰዓት ዐርፎ የተቀመጠ ሰው ያለ ድግምት ጠባዩን ያውቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተጫዋቾቹ ያገኙትን ዕቃ ሊጠቀሙበት ይፈልጋሉ፤ ጊዜያቸውም ውስን ነው። ነገር ግን ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ኦቴሎ» ያስታውሷል። ኦቴሎ መሐረቡን አንዲት ግብፃዊት ለእናቱ እንደ ሰጠቻትና የፍቅር ኃይል እንዳለው ለደዝዴሞና ይነግራታል፤ በመጨረሻው ገቢር ደግሞ አባቱ ለእናቱ የሰጠው መታሰቢያ ነው ይላል። የትኛው እውነት እንደ ሆነ ተውኔቱ አይነግረንም። አንድ ሰው መሐረቡን ይዞ አንድ ሰዓት ዐርፎ ጠባዩን ቢያውቅ ኖሮ ከዚያ ተውኔት ምን ይተርፍ ነበር?

የ2014ቱ መመሪያ አዘጋጆች ጉዳቱን ሳያዩት አልቀሩም። ድግምቱ አብዛኛውን እርግማን እንዳይገልጥ አድርገዋል፤ መድኃኒትን በጥቂቱ ቀምሶ መለየት የሚለው የ1979ኙ ልማድም በእነርሱ ዘንድ አልጠፋም። ከዚህም በላይ፣ ዕቃዎቹ ምሥጢራቸው እንዲከብር የሚሻ መሪ የዕረፍቱን ሕግ አንሥቶ ድግምትን ወይም ሙከራን ወይም ሁለቱንም እንዲጠይቅ አማራጭ ሰጥተዋል። አማራጩ ሊመረጥ የሚገባው ነው፤ ጠረጴዛው ለጸጥታው ትዕግሥት ካለው። ሙከራው በማን ገላ ላይ እንደሚደረግ ግን አማራጩ አይናገርም፤ አሽከሩም በዚያ አልተጠቀሰም።