ሽሮ ሜዳ ላይ ብርሃን ሲቀጠል

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከሐበሻ ቀሚስ ሱቆቹ ፊት ለፊት ማንሆል ተከፍቶ ሁለት ቴክኒሻኖች ካጎነበሱ፣ አላፊ አግዳሚው «ኢንተርኔት ጠፍቶ ነው» ብሎ ይገምታል። ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። ከጥቁሩ ኬብል የሚወጡት ባለቀለም ክሮች ግን ለሰፈሩ ሸማኔ እንኳ ባዕድ ናቸው። እሱ የተበጠሰ ድር በጣቱ ፈትሎ ይቀጥላል፤ ይህኛው ክር መስታወት ነው። ልባሱ ሲላጥ ውፍረቱ 125 ማይክሮሜትር፣ ብርሃኑ የሚጓዝበት ኮር ደግሞ 9 ማይክሮሜትር ገደማ ነው።

ብርሃን ጠባብ ቦታ አይስማማውም። ባጠበቡት መጠን ይበተናል፤ ዲፍራክሽን ይሉታል። ከፋይበር ጫፍ ወደ አየር የወጣ የ1,550 ናኖሜትር ብርሃን 1 ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከሰፈሩ በላይ እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖችም ከዚሁ ሕግ አያመልጡም፤ መስታወታቸው 1 ሜትር ስለሚሰፋ ግን ብተናው እጅግ ያንሳል።

ታዲያ ብርሃኑ በ9 ማይክሮሜትር ውስጥ ኪሎ ሜትሮችን የሚያቋርጠው እንዴት ነው? ኮሩ ጀርማኒየም ስለተጨመረበት ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ከዙሪያው መስታወት ከ1 በመቶ ባነሰ ይበልጣል። ይህች ትንሽ ልዩነት ብርሃኑን ወደ መሐል ትሰበስባለች፤ ዲፍራክሽን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ብርሃኑ ቅርጹን ይዞ ይሄዳል። በትምህርት ቤት የሚሣለው፣ ከግድግዳ ግድግዳ እንደ ኳስ የሚነጥር ጨረር፣ ለዚህ ቀጭን ፋይበር ያሳስታል። ጥቂት የማይባለው ብርሃን የሚጓዘው ከኮሩ ውጭ ነው።

ይህ የገባው ቴክኒሻን ብልሽት ሲፈልግ ይለያል። ፋይበር አላግባብ ሲጠመዘዝ ከኮሩ ውጭ ያለው ብርሃን ኩርባውን መከተል ያቅተውና ያመልጣል። የ1,550 ናኖሜትር ብርሃን ከ1,310 ናኖሜትሩ ይልቅ ወደ ውጭ ስለሚሰፋ ቀድሞ ይፈስሳል። ስለዚህ ብርሃን የት እንደሚጠፋ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኦቲዲአር፣ በሁለቱም ይለካል፦ በ1,550 ብቻ ጎልቶ የሚታይ የብርሃን ብክነት (ሎስ) የጥምዝ ምልክት ነው፤ በሁለቱም ተቀራራቢ ከሆነ ሁለት ፋይበሮች የተገናኙበትን ቅጥል ይጠረጥራል። ይህን የማይለይ ሰው ጤነኛ ቅጥል ቆርጦ እንደገና ሲቀጥል ይውላል።

የሚጠፋው ብርሃን ማነስም ያስደነግጣል። ሳይንቲስቱ ቻርልስ ካኦ በ1966 እ.ኤ.አ. መስታወት ከጠራ ብርሃን ሩቅ ሊወስድ እንደሚችል አሳየ፤ የዛሬው ፋይበር በ1,550 ላይ በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ያጠፋል። ግማሹ ብርሃን እስኪጠፋ 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አንድ የ1 ዴሲቤል ጥምዝ እንግዲህ የ5 ኪሎ ሜትር መንገድ በላ ማለት ነው።

የሰፈሩ ከፍታም ለቅጥል ሥራ የራሱ ጣጣ አለው። ፋይበር የሚቀጥለው ማሽን፣ ስፕላይሰሩ፣ ጫፎቹን የሚያቀልጠው በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል በሚዘለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው፤ ጉለሌ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ጂቡቲ ወደብ ላይ የተስተካከለ ማሽን እዚህ ያንኑ ሙቀት አይሰጥም። ጥንቁቁ ሰው ሥራ ሳይጀምር ብልጭታውን (አርኩን) ያስተካክላል፤ የቸኮለው ይዘለዋል።

ከዚያ በአልኮል መጥረግ፣ ክሊቨር በሚባለው መቁረጫ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፣ መቀጠል፣ መከላከያ እጅጌውን አሙቆ ማጥበቅ ይከተላል። የእንጦጦ ንፋስ አቧራ ካነሳ ጃንጥላ ይዘረጋል። በመጨረሻ ፋይበሩ በትሪው ላይ ሰፋ ተደርጎ ይጠቀለላል፤ የቅጥሉ መያዣ ሳጥን (ክሎዠሩ) ከመዘጋቱ በፊትም በ1,310፣ ቀጥሎ በ1,550 እንደገና ይለካል።